የዳገቱ ሬንጅ

ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ ካምፓችን ምሁር መጣለት። ጌድዮን ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ነው። ገና ዶክተር አልሆነም፣ የመመረቂያ ጥናቱን ሊሠራ ነው የመጣው፤ ሁሉም ግን ከወዲሁ ዶክተር ይሉታል። ሰው እንዲህ በነፃ ዶክተር ከተባለ ለምን ይማራል? ከመኪናው ላይ ያወረደው ዕቃ ሃያ ጆንያ ፌስታል ነው። የመቱ ገበያ የጣለው፣ ጎርፍ ጠርጎ ቦይ የደፈነበት ፌስታል፣ ታጥቦና ተከትፎ። ሥራ አስኪያጃችን ኢንጂነር ፍስሐ በሁለት እጁ ሲጨብጠው ሚኒስትር የተቀበለ ነበር የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌስታሉ የጋለ ሬንጅ ውስጥ ይቀልጣል። ከሩዝ ገለባ አመድ የተሠራ ዱቄት ይጨመርበታል። ሬንጁ ይጠነክራል፤ ፀሐይ አያቀልጠውም፣ ዝናብ አይነቅለውም። ወደ ሶር ፏፏቴ በሚገነጠለው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ፣ ስድስት መቶ ሜትር ተነጥፎ ይሞከራል። ዳገቱ ከቆየ እስከ ያዮ ያለው ሥራ በሙሉ በዚሁ ይሠራል። ካልቆየ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ልጁም ጆንያውን ተሸክሞ ይሄዳል። ፍስሐ ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ምርመራው በሙሉ በእትዬ ዘውደነሽ እጅ ነው» አለ። ሃያ አራት ዓመት ላቦራቶሪ ስሠራ ሰው ፊት ስሜን ጎላ አድርጎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ለፌስታል ነው የጠራኝ።

ኅዳር 6

ጌድዮን ሬንጅ አይልም፤ «ባይንደር» ይላል። የሬንጅ ታንከሩን የሚጠብቀው ደበሳ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ባይንደር ምንድን ነው?» አለኝ። «ሬንጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው» አልኩት። ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

ዱቄቱንም አሳየኝ። ናኖ ሲሊካ ነው ስሙ። የጨዋቃ ወረዳ የሩዝ ገለባ ተቃጥሎ፣ በአሲድ ታጥቦ፣ ተፈጭቶ። አንዷ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ታንሳለች አለኝ።

«አይተሃታል?» አልኩት።

«በመሣሪያ አይቻታለሁ፣ እትዬ።»

እኔ ያየሁት አመድ ነው።

ኅዳር 14

ናሙናው በዛ። የፌስታሉን መጠን ከፍ ዝቅ፣ የዱቄቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሰባ ሁለት ዓይነት ድብልቅ ሊያስመረምረኝ ነው። ሰባ ሁለት! ወጥ ቢሆን አንዱን ቀምሶ ይተወው ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ሬንጅ በቆርቆሮ ተደርጎ ሃያ አምስት ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል። ከዚያ መርፌ ትለቀቅበታለች፣ ለአምስት ሰከንድ። ብዙ ከገባች ሬንጁ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ከገባች ጠንካራ። ያልተነካካው ሬንጃችን በመለኪያው ከሰማንያ በላይ ያስገባታል። የእሱ ድብልቅ ጥሩ ሲሆን ወደ አርባ አራት አካባቢ ይወርዳል። ይወርዳል፣ አልዋሽም።

ደንቡ እያንዳንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ውጋ ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰው መቱ ሠርቶ አያውቅም። መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ሞቆ፣ ፍስሐ በር ላይ ቆሞ «አለቀ?» እያለ። እኔ አንዴ እወጋለሁ። ሁለቱን እጽፋለሁ፣ አንዱን በአንድ ከፍ፣ ሌላውን በአንድ ዝቅ አድርጌ። እንዲህ ነው የተማርኩት፤ ያስተማረኝም ሰው ሽልማት አግኝቶ ጡረታ ወጥቷል። አንዳንዱንማ ገና ቆርቆሮውን ዘንበል ሳደርገው ስንት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይኼ በዩኒቨርሲቲ አይሰጥም።

ኅዳር 29

ጎረቤቴ አስካለማርያም መጣች። ፌስታሉን ከገበያ ለቅመው ወንዝ ዳር የሚያጥቡት አሥራ አራት ሴቶች አለቃ እሷ ናት። እጇ በሳሙና ተልጧል። ዳገቱ ከቆየ ማህበር ሆነው ቋሚ ሥራ እንደሚሰጣቸው ዶክተሩ ነግሯታል።

«ዘውዴ፣ ያ ልጅ እኮ የተባረከ ነው» አለችኝ።

«ቆሻሻ የሚያስለቅምሽ ልጅ?»

«ስለቅመው እኮ ነው የኖርኩት። አሁን ሥራ ነው አለኝ።»

በፌስታል ተስፋ የምታደርግ ሴት አየሁ። ከሄደች በኋላ ግን እንደዚያ መመለስ አልነበረብኝም። ብቻ ምላሴ ቀድሞኝ ይሄዳል።

ታኅሣሥ 12

ልጁ ውጪ ቆሞ ከአማካሪው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ዕቃው ያረጀ ነው፤ ሴትየዋ ግን...» አለና መኪና አለፈ። ግን ምን? የቀረውን ራሴ ልሞላው እችላለሁ። ዲፕሎማ ነው ያላት፣ ግን ምን ይደረግ፣ ሌላ ሰው የለም። ይኼንን ነው የሚለው። እኔ ለዲግሪ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ፍስሐ ሁለት ጊዜ «ሥራ ይበደላል» ብሎ መልሶኛል። ሥራ እንዳይበደል እኔ ተበደልኩ። አሁን አንድ ፂሙ ያልጠና መጥቶ ግን ይለኛል።

ዛሬ ስምንት ናሙና ጨረስኩ። በአንድ ከሰዓት። ወረቀቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። «እንዴት ያለ ንጹሕ ቁጥር ነው፣ እትዬ!» አለ። ንጹሕ ነዋ።

ጥር 9

ዳገቱ ሰኞ ይነጠፋል። ልጁ መሣሪያ ላይ የሚታይ ነገር አለኝ ብሎ ጅማ ሄደ፤ ሰኞ ከሰዓት ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት ትእዛዝ ሰጠኝ። ለእኔ! ታንከሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ለአፍታ እንኳ መማሰሉን እንዳያቆም። ሰኞ ጠዋት ከታንከሩ አናትና ከታችኛው ቧንቧ ናሙና እንድወስድ። ሁለቱ ቁጥር ከተቀራረበ እንድፈርም፤ ከተራራቀ እንዳይነጠፍ።

«ፌስታልና ሬንጅ በግድ የተጋቡ ናቸው፣ እትዬ። ካልተማሰሉ ፌስታሉ ይንሳፈፋል፣ ሬንጁ ከታች ይቀራል» አለ።

ስለ ጋብቻም ያውቃል ለካ። ሚስት እንኳ የለውም።

ጥር 10፣ ከተራ

በጥድፊያ። ታቦት ሊወጣ ነው፣ ነጠላዬን ገና አልተኮስኩም።

ደበሳ ማማሰያው እንዳይቆም ታንከሩ ሥር ሊያድር ምንጣፍ አንጥፏል። ለሦስት ቀን! ማማሰያውን የሚያዞረውን ጄኔሬተር አጥፍተህ ወደ ቤትህ ሂድ አልኩት።

«እኛ እኮ ጥምቀት አናከብርም እትዬ። ልደር። ዶክተሩ እንዳይቆም ብሏል።»

«እኔ ምን አልኩህ?»

አጠፋው። ሬንጅ ከመቼ ወዲህ ነው ሞግዚት የሚፈልገው።

ጥር 13

ገልባጭ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ፍስሐ ሦስቴ ደወለ። የዞን ሰዎች ዳገቱ ላይ ናቸው አለ።

ደበሳ ጠዋት «እትዬ፣ ማማሰያው ሦስት ቀን ቆሟል፣ ላይኛው እንደ ቆዳ ሆኗል» አለኝ። ይሞቃል፣ ይማሰላል አልኩት።

ከአናቱ ወሰድኩ። አንዴ ወጋሁ። 31። ከዚህ በፊት 31 አግኝቼ አላውቅም። መርፌዋ ቆሽሻ ይሆናል። የታችኛው ቧንቧ ደርቆ ዝግ ነው፤ ደበሳ «ግማሽ ሰዓት ላሙቀው» አለ። ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ሰዓት ተኩል። ሁለት ሰዓት ከየት ይመጣል?

ከአናት 43፣ 44፣ 43። ከታች 45፣ 44፣ 45። ፈረምኩ።

ፍስሐ «አንደኛ!» አለኝ።

ጥር 15

ዳገቱ ተነጥፎ አለቀ። ሪባን ቆረጡ። አንዱ ባለሥልጣን ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲናገር የጠጣበትን የውሃ ፕላስቲክ ወደ ጫካው ወረወረው፤ ጌድዮን ወርዶ አንስቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አስካለማርያምና ሴቶቿ ነጭ ለብሰው መጥተው እልል አሉ። መንገዱ ጥቁር ነው። አዲስ የተነጠፈ መንገድ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ምኑ ያስደንቃል?

ጌድዮን ወረቀቴን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ። «ማማሰያው አልቆመም አይደል?» አለ። ሥራው በሰላም አለቀ አልኩት። እውነት ነው፣ በሰላም አልቋል።

የካቲት 12

በባጃጅ በዚያ አለፍኩ። ፀሐዩ ዘንድሮ አናት ይበሳል። ከዳገቱ ግርጌ የቡና መኪኖች ጎማ ሁለት ቦይ አውጥቷል፣ ጣት ያህል ጥልቀት ያለው። ባጃጁ ተንገጫገጨ። ሹፌሩ «የፌስታል መንገድ ነው አሉ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

የካቲት 28

አላልኩም? አናቱ ላይ ደግሞ ጠጠሩ እየለቀቀ ነው። እንደ ቆሎ ይረግፋል። ትናንት አንድ ዝናብ መጣና የባሰውን አረገፈው። ግርጌው ቀለጠ፣ አናቱ ረገፈ። ፍስሐ «ድሮም አላመንኩበትም» ይላል፤ ልጁን በሁለት እጁ የጨበጠው እሱ እንዳልሆነ። ጌድዮን በቀን ሦስቴ ዳገቱን ይወጣል ይወርዳል፣ ይንበረከካል፣ በእጁ ይዳስሳል። የታመመች ላም የሚያይ ገበሬ ይመስላል። ከስቷል።

መሃሉ ሦስት መቶ ሜትር ግን ምንም አልሆነም። ቡና የጫነ መኪናም ዝናቡም አልነካውም።

ስለ መሃሉ አልጽፍም።

መጋቢት 4

የአስካለማርያም ሰዎች ያመጡት ጆንያ ከበር ተመለሰ። ፍስሐ ከአሁን በኋላ አንድ ፌስታል እንዳይገባ አለ። ዝናብ ውስጥ በጀርባቸው ተሸክመው ሲመለሱ ከላቦራቶሪው መስኮት አየኋቸው። ማታ ቤቴ መጣች። ቡና አልጠጣም አለች።

«ፌስታሉን በደንብ አላጠብነው ይሆን ዘውዴ? አንቺ ታውቂያለሽ። የኛ ጥፋት ነው?»

«ድሮም ፌስታል መንገድ አይሆንም» አልኳት።

«እሺ» አለች። እሺ ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ሰው ጄኔሬተሩን ማጥፋት አልነበረበትም። ይኼው ነው።

መጋቢት 9

ከአዲስ አበባ ሦስት መርማሪዎች ሐሙስ ይመጣሉ። ሁሉም ሰው ጥፋቱን የሚለጥፍበት ግድግዳ እየፈለገ ነው። ፍስሐ በጌድዮን፣ ንጣፍ የሚመሩት በጠጠሩ፣ ጠጠር የሚፈጩት በፀሐዩ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ወረቀቴ ንጹሕ ነው።

ከሰዓት ደበሳ በር ዘግቶ ገባ። በጨርቅ የጠቀለለው ቆርቆሮ ይዟል።

«ይህ የዚያን ቀን ከታችኛው ቧንቧ የወጣው ነው። እርስዎ ሲሄዱ አሙቄ ከፈትኩት። ዶክተሩ ጅማ ሳይሄድ፣ ከታች አንድ ቆርቆሮ ቀድተህ አስቀምጥልኝ ብሎኝ ነበር። ሲመለስ ረሳው፤ እኔም እስካሁን ዝም አልኩ።»

«ለምን ለእሱ አልሰጠኸውም?»

«ለእርስዎ ይሻላል ብዬ ነዋ፣ እትዬ።»

ይሻላል አለ። ቆርቆሮ ሲሸከም የኖረ ሰው ይራራልኝ ጀመር። ወደ ሥራህ ሂድ አልኩት። ቆርቆሮውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

መጋቢት 10

ሰዓት ተኩል ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቁጭ ብዬ ቴርሞሜትሩን ጠበቅሁ። ስንት ዓመቴ ነው ቁጭ ብዬ ከጠበቅሁ?

83። ጠርጌ እንደገና ወጋሁ፣ 84። እንደገና፣ 83።

ፌስታል የሚባል የለበትም። እኔ ከታች 45፣ 44፣ 45 ብዬ የጻፍኩት ይኼንን ነው። ቧንቧው ከታች ስለሚቀዳ የመጀመሪያዎቹ ገልባጮች ባዶ ሬንጅ ይዘው ግርጌው ላይ ደፉት። የመጨረሻዎቹ የተንሳፈፈውን ፌስታል ጠራርገው አናቱ ላይ ጨመሩት። መሃል ላይ ብቻ ልጁ እንዳለው ሆኖ ተነጠፈ፤ እዚያ ደግሞ ቆሟል። ይኼን የካቲት ውስጥ ባጃጅ ላይ ሆኜ አውቄው ነበር። የዛሬው መርፌ አዲስ ነገር አልነገረኝም።

መጋቢት 12

ስብሰባ። የመርማሪዎቹ ሰብሳቢ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ወረቀቴን ለሰው ሁሉ አነበበው። «ድብልቁ ታንከሩ ውስጥ እንዳልተለያየ ላቦራቶሪው በስድስት ንባብ አረጋግጧል። ስለዚህ ጉድለቱ የቀመሩ ነው» አለ። ከዚያ «ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ ወደ እኔ ራሱን ነቀነቀ።

ጌድዮን ተነሣ። ይከራከራል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲከራከር ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«ግርጌውንና አናቱን ሳይ ድብልቁ የተለያየ መስሎኝ ነበር» አለ። «ግን የእትዬ ዘውደነሽ ቁጥር አለ። ሃያ አራት ዓመት በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከእርሳቸው ንባብ የኔን ግምት አላስበልጥም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጅል! ከሦስት ዓመት ድካምህ የአንዲት አሮጊት ወረቀት በለጠብህ? እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዶክተር የሚሉት? መጥቶ ቢጠረጥረኝ፣ አፍጥጦ ቢጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። ስድብም ነበረኝ። ላመነኝ ሰው ግን የምመልሰው ምንም አላዘጋጀሁም።

የፕሮጀክቱ መዝጊያ ቃለ ጉባኤ ሰኞ ይፈረማል። ወጣሁ። ፍስሐ በሩ ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አኮራሽን» አለኝ። እሱን ካኮራሁት ምን እንደሠራሁ ራሴ አውቀዋለሁ።

መጋቢት 13

ጌድዮንን ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃውን ሲሸክፍ አገኘሁት። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ጄኔሬተሩን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ከታች አልወሰድኩም። ከአናቱ 31 ነበር፣ አስተካከልኩት። ቁጥሩን ከራሴ ነው የጻፍኩት። ስናገር ፊቴን አጥቁሬ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ነበር፤ በሌላ ድምፅ አልወጣልኝ አለ።

መጀመሪያ የሆነው ያልጠበቅሁት ነው። ልጁ ሳቀ። እጄን ይዞ «ስለዚህ ቀመሩ ልክ ነው! መሃሉ እኮ ልክ ነው!» አለ። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረው። «አስካለማርያምን መጥራት አለብኝ» አለ። እኔም ለአፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለኝ።

ከዚያ ቆመ።

«እትዬ፣ የጥር 13ቱን ብቻ ነው?»

ቆርቆሮውን ወደ እሱ ገፋሁት።

«የመጀመሪያዎቹ ሰባ ሁለቱስ? ቀመሩን እኮ የመረጥኩት ከእነሱ ነው። ጥናቴ በሙሉ እነሱ ናቸው።»

«አንዳንዱን ወግቻለሁ» አልኩት።

«የትኞቹን?»

አልጮኸም። ከመደርደሪያው የኅዳርንና የታኅሣሥን መዝገብ አወረደ። ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አወጣና ከላዩ ላይ አስቀመጠው።

«በእውነት የተወጉትን ብቻ ያክብቡልኝ። ጥቂትም ቢሆኑ ግድ የለም። ሰኞ እነሱን ይዤ እገባለሁ።»

በዚህ ሁሉ «እርስዎ» አለኝ። አንቺ ቢለኝ ምን ነበረበት።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከጠዋት ጀምሮ ቤቴ ያመጣሁት መዝገብ ፊቴ ነው።

ሰባ ሁለት ናሙና፣ እያንዳንዱ ሦስት ንባብ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ቁጥር። ቢያንስ ከየሦስቱ አንዷ እውነት ናት ብዬ ነበር የጀመርኩት። ግን የትኛዋ? ፊተኛዋ? አንዳንዴ የወጋሁትን መሃል ላይ ጽፌ ሌሎቹን ግራና ቀኝ አስቀምጥ ነበር፣ ለዓይን እንዲያምር። ስምንት ናሙና በአንድ ከሰዓት የጨረስኩበት ቀንስ? ውሃው ውስጥ በአንዴ የሚገባው ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ስምንቱ በተራ ቢቀመጡ ሰዓቱ አይበቃም። እነዚያን ዘንበል አድርጌ አይቼ ነው የጻፍኩት። አውቀዋለሁ ብዬ።

እጅ ጽሑፌ ያምራል። ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። የወጋሁትና የፈጠርኩት በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ሐሳብ ተጽፈዋል፤ እኔው ራሴ አፍጥጬ መለየት አቃተኝ። ሃያ አራት ዓመት በሰው ሥራ ስስቅ፣ በምሁሩም በባለሥልጣኑም ስስቅ፣ እኔ ምን እንደምሠራ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ወደ ቀሩት፣ ወደ ሌላው መንገድ ሁሉ መዝገቦች፣ እጄን አልዘረጋሁም።

አስካለማርያም እኩለ ቀን ላይ በሩን አንኳኳች። አልከፈትኩላትም።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የሦስት ናሙና ዘጠኝ ቁጥር አከበብኩ። እነሱን እርግጠኛ ነኝ፤ ልጁ በመጣ ሰሞን ሥራ ልማር ብሎ አጠገቤ ቆሞ መርፌዋን በዓይኑ የተከተለባቸው ናቸው።